የእድር ደብዳቤ በሜል መርጅ፦ የአንድ ወር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2 ቀን 2017፣ ቅዳሜ ማታ

የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ዛሬ የመጀመሪያው ከባድ ሥራ መጣ። ኅዳር 8 ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ ከዚያ በፊት ውዝፍ ላለበት እድርተኛ ሁሉ ስሙ፣ የእድር ቁጥሩ፣ መጨረሻ የከፈለበት ቀንና የዕዳው መጠን የተጻፈበት ደብዳቤ መድረስ አለበት። የቀድሞው ጸሐፊ እያንዳንዱን በእጅ ይሞሉት ነበር። እኔ ግን ለሊቀመንበራችን፣ «ጋሼ፣ ይህማ የአንድ ማታ ሥራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል» አልኳቸው። ይህችን እዚህ የምጽፋት በኋላ እንዳልክዳት ነው።

በእጄ ያለው፦ ስምንት ዓመት የሞላው ላፕቶፕ፣ ዎርድና ኤክሴል 2016፣ በፍላሽ የተረከብኩት የ412 አባላት ዝርዝር፣ እንዲሁም ገንዘብ ያዣችን በልጃቸው ያስጻፉት የክፍያ ዝርዝር በሌላ የኤክሴል ፋይል። ወርሃዊው መዋጮ 50 ብር ነው፤ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ያሳለፈ በውዝፉ ላይ 10 ከመቶ ይቀጣል።

ደብዳቤውን በዎርድ ጻፍኩና ሜል መርጅ በሚባለው፣ አንዱን ደብዳቤ ለየሰዉ ከዝርዝር እየሞላ በሚያወጣው ዘዴ፣ ከአባላቱ ዝርዝር ጋር አገናኘሁት። ስሙን ላስገባ መስኮቹን፣ ማለትም ከዝርዝሩ የሚሞሉትን ቦታዎች፣ ስከፍት «ስም» የሚል የለም። መጀመሪያ የእድሩ ሙሉ መጠሪያ፣ ከዚያ ኤፍ2፣ ኤፍ3፣ ኤፍ4 እያለ ይወርዳል። ጥፋቱ ወዲያው ታየኝ፦ ኤክሴሉ አናት ላይ የእድሩ ስም በትልቁ፣ ሴሎቹን ሁሉ አዋሕዶ ተጽፏል። ዎርድ የመጀመሪያውን ረድፍ የዓምዶቹ ርእስ ነው ብሎ ይወስዳል፤ እዚያ ባዶ ሴል ሲያገኝ ራሱ ቁጥር ይሰጣል። ከላይ ያሉትን ሦስት ረድፎች ሰረዝኩ፤ ርእሶቹንም አንድ አንድ ቃል አደረግኳቸው፤ ክፍት ቦታ ካለበት ዎርድ የግርጌ ሰረዝ ይተካበታል። ኤክሴሉን አስቀምጬ ዘጋሁት፤ ያልተቀመጠ ለውጥ ለዎርድ አይታየውም። ለዛሬ ይበቃል።

ጥቅምት 3፣ እሁድ

የመጀመሪያውን ደብዳቤ በቅድመ እይታ ከፈትኩ። «ለ» ካለ በኋላ የላቲን ፊደል፣ የመቶኛ ምልክት፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተዘባርቆ ተቀምጧል። ኤክሴሉ ላይ ያው ስም ጥርት ባለ አማርኛ ይነበባል። ቫይረስ መስሎኝ ላፕቶፑን ሳስፈትሽ አንድ ሰዓት ሄደ። ምንም አልተገኘም።

ነገሩ ፎንት ነው። የመጀመሪያዎቹ 93 ስሞች የተጻፉት ዩኒኮድን፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠውን የጋራ ሥርዓት፣ በማያውቅ አሮጌ የግዕዝ ፎንት ነው። የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ስሪት ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው የለበሰው ፎንት ነው። ሜል መርጅ ደግሞ ጽሑፉን እንጂ ልብሱን ይዞ አይመጣም።

መጀመሪያ የሞከርኩት አቋራጭ፦ ዎርድ ላይ የስሙን መስክ መርጬ አሮጌውን ፎንት ሰጠሁት። ይሠራል! 93ቱ ተነበቡ፤ የቀሩትን 319 ስሞች ፎንቱ ስለማያውቃቸው ዎርድ በራሱ ኒያላ በሚባለው ፎንት አወጣቸው። ደስታዬ ግን አልቆየም። አንደኛ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ያው ዝብርቅርቅ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ነገ ስሞቹን ከክፍያ ዝርዝሩ ጋር ላመሳክር ስል ኤክሴል የሚያወዳድረው ኮዱን ነው፤ የላቲን ኮድ ከአማርኛ ስም ጋር ምን ያገናኘዋል?

መቀየሪያ ፕሮግራም ከመፈለግ እንደገና መጻፍ ይሻላል ብዬ የእህቴን ልጅ ጠራሁ። እሷ አነበበች፣ እኔ ጻፍኩ።

«ሐመሩ ነው ሃሌታው?»

«ሐመሩ ሐ፣ አጎቴ። ቀጥሎ ንጉሡ ሠ።»

93 ስም ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ለልጅቷ ሁለት ሳምቡሳና አንድ ለስላሳ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

የክፍያ ዝርዝሩ የእድር ቁጥር የለውም፤ ስምና ወር ብቻ። ስለዚህ በስም ማገናኘት ግድ ሆነ። ስሙን በሌላው ዝርዝር ፈልጎ ክፍያውን በሚያመጣው በቪሉክአፕ ፎርሙላ ከ412ቱ የ61ዱ ክፍያ አልተገኘም አለኝ። 61 ሰው ጨርሶ ከፍሎ አያውቅም ማለት ነው? ከእነዚህ አንዷ ድንኳን ሲተከል ቀድመው የሚደርሱ፣ መዋጯቸውን በወር መጀመሪያ የሚከፍሉ እናት ናቸው።

የእሳቸውን ስም ጎን ለጎን አየሁት። በእኔ ዝርዝር «ፀሐይ»፤ በገንዘብ ያዡ «ጸሀይ»። ወረድ ስል «ኃይለ ማርያም»፣ «ኃይለማርያም»፣ «ሀይለማርያም» ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። ለጆሮ አንድ ይሁኑ እንጂ ለኤክሴል ፀሐዩ ፀ እና ጸሎቱ ጸ ፈጽሞ አይተዋወቁም።

መፍትሔው ረዳት ዓምድ ሆነ። ስሙን ወደ ሌላ ዓምድ ገለበጥኩና እዚያ ብቻ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ አመጣኋቸው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። አምስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ 35 መተካት ነው፤ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» ስጨምር 37። የመጀመሪያዎቹን አምስት በእጄ ተካሁና ሰለቸኝ፤ ማክሮ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚደጋግም ትንሽ ፕሮግራም፣ ቀድቼ ለሁለቱም ፋይል አስኬድኩት። ደብዳቤው ላይ የሚወጣውን ስም ግን አልነካሁም። ሰው በስሙ ፊደል አይደራደርም፤ «ፀሐይ» ብለው የተመዘገቡትን «ጸሀይ» ብዬ ብልክላቸው ዕዳውን ትተው በስማቸው ነው የሚጣሉኝ።

61ዱ ወደ 22 ወረደ።

ከቀሩት የሚበዙት «ገ/መድኅን» እና «ገብረ መድኅን»፣ «ወ/ማርያም» እና «ወልደ ማርያም» ዓይነት ናቸው። አራቱ ደግሞ ለዓይን ፍጹም አንድ ሆነው አልገናኝ አሉ። ትሪም የሚባለው ፎርሙላ ትርፍ ክፍት ቦታ ያነሣል ብዬ ሰጠኋቸው፤ አልሰሙም። የፊደሎቹን ኮድ ስቆጥር መካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ ተራው ሳይሆን የማይሰበረው፣ ኮዱ 160 የሆነው ነው። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የመጣ ጽሑፍ ይዞት ይመጣል፤ ትሪም ደግሞ አይነካውም። ፈልግና ተካ ውስጥ ያንኑ ክፍት ቦታ ገልብጬ በተራው ተካሁት። ከአሕጽሮቶቹም የቻልኩትን ዘርዝሬ ስጽፍ ዘጠኝ ስም ቀረ። እነሱን ለገንዘብ ያዣችን ደውዬ አንድ በአንድ ጨረስን።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ሐሙስ በድል የተኛሁት በከንቱ ነው። ዛሬ በዘፈቀደ አሥር ሰው መርጬ ከካርዳቸው ጋር ሳመሳክር፣ ሁለት በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ እድርተኞች አንድ ዓይነት ክፍያ ይዘው አገኘኋቸው። ቪሉክአፕ መጀመሪያ ያገኘውን ረድፍ ይዞ ይመለሳል፤ ሁለተኛውን አይፈልግም። አንዱ ሳያቋርጡ የሚከፍሉ ሽማግሌ፣ ሌላው ከመጋቢት ወዲህ ብቅ ያላሉ ጎልማሳ። በእኔ ዝርዝር ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ተራቸው ተገለባብጦ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው የዕዳ ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር።

በካውንትኢፍ ፎርሙላ የሚደጋገሙትን ስሞች ቆጠርኩ፤ ስድስት ጥንድ። የአያት ስም ብጨምር አራቱ ይለያያሉ፣ ሁለቱ ያኔም አይለዩም። ስለዚህ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ገንዘብ ያዣችን ቤት ተቀምጠን በክፍያ ዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱን የእድር ቁጥር ሞላን። በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነው። የ37ቱ መተካት ሥራ ግን ከንቱ አልቀረም፤ ቁጥሩን ራሱ ለመሙላት የረዳን እሱ ነው። ሦስት ሲኒ ቡና ጠጣሁ። ወጪ የለም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ስምና ክፍያ ተገናኘ። አሁን ዕዳው። አንዱን ደብዳቤ አትሜ ለሊቀመንበራችን አሳየኋቸው፦

«ያለብዎት ውዝፍ ከነቅጣቱ 385.00000000000006 ብር መሆኑን እያሳወቅን…»

መነጽራቸውን አወጡ፣ ወረቀቱን አራቁት፣ ቀረብ አደረጉት። «አንተ ልጅ፣ ይህች ጭራዋ ምንድን ናት? ሳንቲም ናት?»

የሰባት ወር ውዝፍ 350 ብር ነው፤ ቅጣቱን ለመጨመር ኤክሴል ላይ በ1.1 አባዝቼዋለሁ። ኮምፒውተር 1.1ን 0 እና 1ን ብቻ በሚጠቀምበት አቆጣጠሩ በትክክል መጻፍ አይችልም፤ ለእኛ አንድ ሦስተኛ 0.333… እያለ እንደማያልቅልን ማለት ነው። በጣም ትንሽ ትርፍ ይቀራል። ኤክሴል ከ15 አኃዝ በላይ ስለማያሳይ ትርፏ አትታይም። ዎርድ ግን የሚወስደው ሴሉ ውስጥ ያለውን ጥሬ ቁጥር ስለሆነ ጭራውን ጎትቶ ያመጣዋል። የሚያናድደው ሁሉም ላይ አለመሆኑ ነው፦ የሦስት ወር ባለዕዳ 165 ብር ብሎ በትክክል ወጥቶለታል፤ የአራት ወሩ ግን 220.00000000000003 ነው። እኔ ቅድመ እይታ ያየሁት የሦስት ወሩን ነበር።

የኤክሴሉን ሴል ሁለት ዲሲማል እንዲያሳይ አደረግኩ፤ ዎርድ ላይ ለውጥ የለም። ይህም ልብስ ነው። የሠራው መንገድ ዎርድ ውስጥ ነው። ኦልትን ተጭኖ ኤፍ9 ሲነኩ መስኮቹ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ኮዳቸው ይገለጣል። ከመስኩ ስም በኋላ፣ ቅንፉ ሳይዘጋ፣ ይህንን ጨመርኩ፦

\# ,0.00

እንደገና ኦልትና ኤፍ9፣ ከዚያ ቅድመ እይታ፦ 385.00። የእድር ቁጥሩም ተመሳሳይ ሕመም ነበረበት፤ በካርዱ ላይ 0045 የሆነው ደብዳቤው ላይ 45 ሆኖ ይወጣል። እዚያ \# 0000 ብዬ አስተካከልኩ። አንድ ነገር ሃያ ደቂቃ አቃጥሎኛል፦ ጥምዝ ቅንፉን ከኪቦርዱ በእጅ ቢጽፉት ዎርድ እንደ ተራ ምልክት ነው የሚያየው። ኮንትሮልን ተጭኖ ኤፍ9 በመንካት ራሱ እንዲያወጣው ማድረግ ያስፈልጋል።

ለማንኛውም ኤክሴሉም ላይ ቁጥሩን ራውንድ በሚለው ፎርሙላ አጠጋጋሁት። ጭራዋን ከሥሯ መቁረጥ ይሻላል።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ዛሬ ሁለት ዓምድ፦ የቤት ቁጥርና የመጨረሻ ክፍያ ቀን። የቤት ቁጥሩ ያስፈለገው ደብዳቤውን በየቤቱ የሚያደርሰው ጥሩምባ ነፊያችን ስለሆነ ነው።

ከብዙዎቹ ጋር ችግር የለም። ግን የአንዳንዱ የቤት ቁጥር 0 ሆኖ ወጣ። ዜሮ ቁጥር ቤት በእኛ ሰፈር የለም። ኤክሴሉን ሳየው እነዚህ ሁሉ «አዲስ» የሚባሉት ናቸው። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ እንደሚጻፍ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። «214/ሀ» የሚሉትም ዜሮ ሆነዋል።

ዎርድ ኤክሴሉን የሚያነበው በመካከል ባለ አስተርጓሚ ነው። ያ አስተርጓሚ የአንድን ዓምድ ዓይነት ለመወሰን መላውን አያይም፤ የመጀመሪያዎቹን 8 ረድፎች አይቶ ብዙኃኑ ቁጥር ከሆኑ «ይህ የቁጥር ዓምድ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፊደል ሁሉ ለሱ ምንም ነው።

የሞከርኩት በቅደም ተከተል፦ ዓምዱን «ጽሑፍ» ብዬ ፎርማት አደረግኩት፤ ለውጥ የለም። ቀድሞ የገባው ቁጥር ቁጥር ሆኖ ይቀጥላል። አንድ «አዲስ» ያለበትን ረድፍ ወደ አናት አመጣሁ፤ ለውጥ የለም፤ አንድ ድምፅ ሰባቱን አያሸንፍም። ከዚያ አጠገቡ አዲስ ዓምድ ከፍቼ ዋናውን ሴል ጠርቼ ከኋላው &"" ጨመርኩ። ባዶ ጽሑፍ ሲቀጠልበት ቁጥሩም ጽሑፍ ይሆናል። መስኩን ወደ አዲሱ ዓምድ አዞርኩት፤ «አዲስ» «አዲስ» ብሎ ወጣ።

ቀኑ ግን ግማሽ ቀኔን በላው።

የገንዘብ ያዣችን ልጅ ቀኑን የጻፈችው በእኛ አቆጣጠር ነው። 6/8/2016 ማለት ሚያዝያ 6። ኮምፒውተሯ በአሜሪካ አቀማመጥ ስለነበረ ወሩ የሚቀድም መስሎት ኤክሴል «ጁን 8» ብሎ ተቀበለው። 25/8/2016 ስትለው ደግሞ 25ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ተወው። ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ሲያዩት ይታወቃል፦ ቀን ነው ያለው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያለው ወደ ግራ ተጠግቷል። ጳጉሜን 3 ላይ የከፈሉ አንድ ሰው ነበሩ፤ 3/13/2016 «ማርች 13» ሆና በክብር ተቀምጣለች። ኤክሴል የእኛን አሥራ ሦስተኛ ወር የሚያውቀው እንዲህ ነው።

ዎርድ ላይ ሲመጣ ጽሑፍ የሆኑት በሙሉ «12:00:00 ኤኤም» አሉ። የ8ቱ ረድፍ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ብዙኃኑ ቀን ስለሆኑ የቀረው ባዶ ሆኖ፣ ባዶ ቀን ደግሞ እኩለ ሌሊት ሆኖ ወጣ። «መጨረሻ የከፈሉት፦ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት» የሚል ደብዳቤ ለአንድ የእድር አባል ልኬ ቢሆን ኖሮ እስከ ቀብሬ ድረስ ይወራልኝ ነበር።

መጀመሪያ ዎርድ ውስጥ በቀን ኮድ ላስተካክል ሞከርኩ። 08/00/2016 ሰጠኝ። ዎርድ ውስጥ ትንሹ ኤም ደቂቃ፣ ትልቁ ኤም ወር መሆኑን በዚህ ተማርኩ። ትልቁን ባደርገውም ጽሑፎቹ እኩለ ሌሊት መሆናቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ወደ ኤክሴል ተመለስኩ። ዓምዱን ጽሑፍ ሳደርገው ሚያዝያ 6 የነበረው 42529 ሆነ። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው ከ1900 መጀመሪያ አንሥቶ በተቆጠረ የቀን ብዛት ነው።

በመጨረሻ የቤት ቁጥሩን ዘዴ ደገምኩ፦ አዲስ ዓምድ፣ ቴክስት የሚባለው ፎርሙላ። ቀን ሆኖ የተበላሸውን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል፤ ጽሑፍ የሆነውን እንዳለ ይተወዋል። እዚህም ተሳስቻለሁ። በልማድ ቀኑን አስቀድሜ ወሩን አስከተልኩና ሚያዝያ 6 የነበረው 8/6/2016፣ ማለትም የካቲት 8 ሆነ። ኤክሴል «ወር» የሚለው የእኛ ቀን፣ «ቀን» የሚለው የእኛ ወር መሆኑን ረስቼው። በእሱ ቋንቋ ወሩን ሳስቀድም ልጅቷ የጻፈችው እንደነበረ ተመለሰ። ሰባት ደረሰኝ አውጥቼ አመሳከርኩ፤ ሰባቱም ልክ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቀን የምንጽፍበት ዓምድ አንድ ነገር ከመጻፉ በፊት ጽሑፍ ተብሎ ይዘጋጃል።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ባለዕዳዎቹ 138 ናቸው። ኤክሴል ላይ ዕዳ ያላቸውን ብቻ አጣርቼ አስቀመጥኩና ማዋሐዱን ጀመርኩ። 437 ደብዳቤ ተዘጋጀ። አባሎቻችን 412 ናቸው!

ኤክሴል ላይ ተጣርቶ የተደበቀ ረድፍ ለዎርድ አልተደበቀም፤ ሁሉንም ያነበዋል። ትርፎቹ 25 ደግሞ ከዝርዝሩ ግርጌ በታች አንድ ሰው ክፍት ቦታ እየነካ የተዋቸው ረድፎች ናቸው፤ «ለ … ያለብዎት ውዝፍ … ብር» የሚሉ ስም የለሽ ደብዳቤዎች ሆነው ወጡ። ረድፎቹን ይዘታቸውን በማጥፋት ሳይሆን ራሳቸውን በመሰረዝ አስወገድኳቸው። ማጣሪያውን ዎርድ ውስጥ፣ የተቀባዮች ዝርዝር በሚለው በኩል፣ ዕዳ ከ0 በላይ ብዬ ሰጠሁ። 138።

መጠሪያ። ጾታው «ሴ» ከሆነ «ወ/ሮ»፣ ካልሆነ «አቶ» የሚል የሁኔታ መስክ አስገባሁ። መጀመሪያ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ስላልተውኩ አልሠራም፤ ሲሠራ ደግሞ ያላገባችውን ልጅ ወይዘሮ፣ ቄሱን አቶ፣ ሻምበሉን አቶ፣ «ሴት» ተብለው የተመዘገቡትን አራት እናቶች በሙሉ አቶ አደረጋቸው። ሰረዝኩት። ኤክሴል ላይ «መጠሪያ» የሚል ዓምድ ከፍቼ ለ138ቱ በእጅ ሞላሁ፤ ሐጂውም መምሬውም የየራሳቸውን አገኙ። ደግነቱ የቀረው ደብዳቤ ጾታ አይጠይቅም፤ «አልከፈሉም»፣ «ያለብዎት»፣ «እንዲከፍሉ» ለሁሉም ይሆናል። «አንተ» እና «አንቺ» ብለን የምንጽፍ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ግሥ ላይ ሁኔታ ማስገባት ነበረብኝ።

ሊቀመንበራችን ብሩ በፊደልም ይጻፍ አሉ። ዎርድ ቁጥርን በፊደል የሚያወጣበት ኮድ አለው፤ ለእኔ የሰጠኝ ግን እንግሊዝኛ ነው። አማርኛውን የሚያወጣ ፎርሙላ ልሠራ ጀምሬ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተውኩት። መዋጮው 50 ብር ስለሆነ የተለያየው የዕዳ መጠን ከ17 አይበልጥም። አሥራ ሰባቱን በትንሽ ሠንጠረዥ ጻፍኳቸው፤ «ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት» እያልኩ። አሥር ደቂቃ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ማተሚያ የለኝም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። በገጽ 5 ብር።

የወሰድኩት ዋናውን የዎርድ ፋይልና ኤክሴሉን ነው። እዚያ ሲከፈት ዎርድ «ይህ ሰነድ ከመረጃ ቋት ጋር ይገናኝ?» ዓይነት ጥያቄ አወጣ። ባለ ሱቁ ጠርጣራ ሰው ናቸው፤ «የማላውቀውን አልፈቅድም» ብለው አይሆንም አሉት። ግንኙነቱ ተበጠሰ። እንደገና ቢከፈትም ዎርድ ኤክሴሉን የሚፈልገው እኔ ላፕቶፕ ላይ በነበረበት አድራሻ ነው። ወደ ቤት ተመለስኩ።

ተመልሼ ያደረግኩት፦ ሁሉንም እዚያው አዋሕጄ 138 ገጽ ያለው አንድ ሰነድ አወጣሁ፣ ያንን ፒዲኤፍ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ፎንትም ግንኙነትም ከማንም ኮምፒውተር ጋር ጉዳይ የለውም። ደብዳቤዎቹ ለማደል እንዲመቹ በቤት ቁጥር ቅደም ተከተል እንዲወጡም ፈለግኩ፤ ዎርድ 1፣ 10፣ 100፣ 101፣ 2 አድርጎ ደረደራቸው። እሁድ ቁጥሩን ጽሑፍ ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ ጽሑፍ የሚደረደረው እንደ መዝገበ ቃላት ነው። ኤክሴሉ ላይ በዋናው ዓምድ ደርድሬ እንደገና አዋሐድኩ። «አዲስ»ዎቹ መጨረሻ ላይ ተሰብስበው መጡ፤ ለጥሩምባ ነፊያችን ይህ ይሻላል፣ ቤታቸውን በስም ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛ ጉዞ። ማተሚያው ሥራ ጀመረ፣ እኔ ከደጅ ስልክ አነሣሁ። ስመለስ የመጀመሪያውን ወረቀት ገለበጥኩት፤ ከጀርባው የሌላ ሰው ዕዳ አለ። ማተሚያው በሁለቱም ገጽ እንዲያትም የተዘጋጀ ነበር፤ ለእሱ ይህ 138 ደብዳቤ ሳይሆን 138 ገጽ ያለው አንድ መጽሐፍ ነው። አስቆምኩት፤ 20 ወረቀት፣ 40 ደብዳቤ ታትሟል። የአንዱን ጎረቤት ውዝፍ በሌላው ደብዳቤ ጀርባ ልኮ በዚህ ሰፈር መኖር አይቻልም። እዚያው ቀዳድጄ ጣልኩት። የ40ው ገጽ 200 ብር ከኪሴ፤ የ138ቱ 690 ብር ከእድሩ፣ በደረሰኝ። ፖስታ አልገዛንም፤ ሦስት ቦታ አጥፈን በስቴፕለር መታነው።

ኅዳር 1፣ እሁድ

ደብዳቤዎቹ ዓርብና ቅዳሜ ታደሉ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰው ወረቀቱን ይዞ በሬ ላይ መጣ። ሁለቱ ሊከፍሉ ነው። ሦስተኛዋ እናት ምንም ሳይናገሩ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ደረሰኝ አወጡ፤ ነሐሴ ላይ የአምስት ወር ከፍለዋል።

ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ሄደን ዋናውን የወረቀት መዝገብ ገለጥን። ክፍያው አለ፤ ግን በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ። የሆነ ለቅሶ ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀበሉት ነው፤ ልጃቸው ኤክሴል ላይ ስትጽፍ ዓምዱን እንጂ ኅዳጉን አላየችም። መዝገቡን ከመጋቢት ጀምሮ ገጽ በገጽ ገለጥነው። እንዲህ ያለ ሰባት ክፍያ አገኘን። ሁለቱ ዕዳቸውን ሙሉ በሙሉ ዘግተዋል፤ አምስቱ ላይ መጠኑ ይቀንሳል።

ለሰባቱም ደውዬ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ለአምስቱ የተስተካከለውን ነገ አትማለሁ፤ ዎርድ ላይ ከቁጥር እስከ ቁጥር የሚለውን ሳይሆን በእድር ቁጥራቸው አጣርቼ፣ በአንድ ገጽ ብቻ፣ ማተሚያው አጠገብ ቆሜ። 25 ብር።